ለሌላ ቤት የተጫነ ትንፋሽ

ተናኘና እንድሪስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው። ከጅምሩ የምትከታተሉን አንባቢዎች በሁለቱም ተበሳጭታችሁ ይሆናል፤ እኔም ተበሳጭቻለሁ። እሷ አማን ከተማ ዴር ግባር በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ትኖራለች። እሱ ከአገሩ ልጆች ጋር ቤት ተጋርቶ በሰዓት እየታሰበለት የሰው ቤት ያጸዳል። በመካከላቸው ያለው መንገድ በመኪና ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ሁለት ልብ ግን ሲኮራ መንገዱን ማን ይሄደዋል?

ይህን ገጽ ዛሬ ገና ለገለጣችሁ፣ የጠቡን ነገር ላስቀድም።

ኮሮና አማንን ሲዘጋት፣ በሰዓት የሚሠራን ሰው ደፍሮ ቤቱ የሚያስገባ ጠፋ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን እንድሪስን ያነሡት ዶክተር ሙንዘር ናቸው። ዶክተር ሙንዘር ከጦር ሠራዊት ሕክምና በጡረታ የተገለሉ፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። እንደሳቸው ጡረታ ከወጡ ሐኪሞችና ነርሶች ጋር ሆነው የቀድሞ ወታደሮችንና ቤተሰባቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ ያክማሉ። ከማንም አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። ችግራቸው አንድ ነበር፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ስለሆኑ የኦክስጅን ሲሊንደር ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ጉልበት የላቸውም። እንድሪስን፣ በሳቸው አፍ ኢድሪስን፣ ክሊኒካቸውን ሲያጸዳ ያውቁት ነበርና ጠሩት።

"ደሞዝ የለውም። እኛም አይከፈለንም" አሉት።

እሺ አለ። እውነቱን ለመናገር ለጽድቅ ብቻ ብሎ አይደለም። በሰዓት እላፊ ቀን ከዶክተሩ ጋር ከተማውን የሚዞርበት ተስሪህ፣ ያው የይለፍ ወረቀት፣ ያገኛል። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከመቁጠር ይሻለዋል።

ከዚያ አንድ ዓርብ የሻምበል አቡ ፋሪስን በር አንኳኳ፤ ተናኘም ከፈተችለት። ጡረተኛው ሻምበል ሳንባቸው የደከመ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ተናኘ ደግፋ የምታደርሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው መዳም ሪማ ያገባችው ባለሀብት ነው፤ ቪላውም የአማቻቸው ነው። ያን ሰሞን ግን ገንዘብ በእጃቸው ይዘው ኦክስጅን ያጡ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ዶክተሩና እንድሪስ በየዓርቡ ወደዚያ ቪላ ተመላለሱ።

ፍቅራቸው በር ላይ ተጀምሮ በር ላይ አደገ። መጀመሪያ የተዋወቁት ዓይን ለዓይን ብቻ ነው፤ የቀረው ፊታቸው በማስክ ተሸፍኖ ነበር። አንድ ቀን ሲሊንደር አውርዶ ሲያለከልክ ውኃ አመጣችለት። ማስኩን ዝቅ አድርጎ ሲጠጣ ሳቀች።

"ይሄን የመሰለ ጢም ደብቀህ ነው እንዴ የምትዞረው?"

በዚያው ቀን ስልክ ተለዋወጡ። ከዚያ ወዲህ እሷ መዳም እንዳትሰማት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ድምፅ ትቀዳለታለች፤ እሱም የውኃውን ሹሹታና የእሷን ሹክሹክታ ለይቶ እየሰማ ይመልሳል። እሷ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ማተቧን ያሰረች ኦርቶዶክስ ናት። እሱ የሐይቅ ልጅ፣ ሰላቱን የማያሳልፍ ሙስሊም ነው። "እኛ ወሎዎች ለዚህ አዲስ አይደለንም፤ እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶ ሲኖር ነው ያደግሁት" ይላታል። "እናቴ ግን ወሎ አይደለችም" ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

ጠቡ የመጣው ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። ተናኘ ለእንድሪስ በሩን ስትከፍትለት መቃኑን ይዛ ቆመች።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም። ጾም ነው።"

"ፊትሽ አመድ መስሏል። ይሄን ጾም ዘንድሮ ብትተይው ምን አለ? ፈጣሪ ያውቅልሻል።"

ያልተናገሩት ነገር ሁሉ በመካከላቸው ተከምሮ ባይጠብቅ ኖሮ፣ ይህ ንግግር እንደ ማንኛውም የፍቅር ንግግር ያልፍ ነበር። ተናኘ ግን ቀና ብላ አየችው።

"ዛሬ ጾሜን አስገድፈህ ነገ ማተቤን ልታስበጥሰኝ ነው? እንደሱ ከሆነ ሐሳብህ በግልጥ ንገረኝና ልወቀው።"

እዚህ ላይ እንድሪስ "ፈርቼልሽ ነው" ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ናት፤ አፉ ላይም ነበረች። እሱ ግን "እንደ ፈለግሽ" ብሏት ሲሊንደሩን ተሸክሞ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትከፍትለት መሬት መሬት ታያለች፤ እሱም ሲገባ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሌሊት እሷ ድምፅ ቀድታ ታጠፋለች፤ እሱ የድሮውን ከፍቶ የቧንቧውን ውኃ ይሰማል።

ተናኘ ከጠቡ በኋላ ጾሙን አጠበቀችው። ሲደክማት ጾም ነው አለች። ስትነሣ ዓይኗ ሲጨልምባት ጾም ነው አለች። የቤቱን ምግብ የምትሠራው እሷ ናት፤ ጾመኛ ሆና ግን አትቀምስም። መንሰፍ የሚባለውን ያገሬውን ምግብ፣ ሥጋውንና እርጎውን፣ ስታበስል ከድሮም ጨውን የምትለካው በእንፋሎቱ ሽታ ነው፤ አፍንጫዋ ጥሟል ካላት ጥሟል። ሰሞኑን ግን ድስቱ ላይ ብትጎነበስ ብትጎነበስ ምንም አይሸታትም። መዳም ሪማ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"አንቺ ተናኘ፣ ባሕሩን ነው የገለበጥሽበት?"

ጾም አፍንጫዬን ዘጋው ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የራሷን ምስር ስትቀምስ አፏ ውስጥ እንደ ወረቀት ሆነባት፤ ያንንም አፌ ደርቆ ነው አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ በዓለም ላይ ሽታና ጣዕም ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ይበቃው ነበር። እሷ ግን በሽታውን ከነምልክቱ ለጾሙ አስረከበችው። ጾሜን ብተው፣ በእንድሪስ ፊት ማተቤን የበጠስኩ ያህል ነው ብላ አምና ነበርና፣ ሳሏን በትራስ እያፈነች ጾሙን ቀጠለች።

በዚህ ሁኔታ ነው ዛሬ ዓርብ የደረሰው።

ከተማው በሰዓት እላፊ ጭር ብሏል። በዶክተሩ መኪና ውስጥ ሁለት ሲሊንደር አለ፤ አንዱ ለሻምበሉ፣ ሌላው ዳቡቅ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ጥበቃ ሆነው ለሚኖሩ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ። እንድሪስ በመንገድ ሙሉ ለተናኘ የሚላትን ሲያዘጋጅ መጥቷል። ዛሬ እኔ ልቅደም ብሎ ወስኗል። በሩ ሲከፈት ግን የቆመችው መዳም ሪማ ራሷ ናት።

"ተናኘስ?" አለ ሳያስበው።

"ተኝታለች። በየዓመቱ ጾም ሲመጣ እንዲህ ነው የምትሆነው፤ ብነግራት አትሰማም" አለችና መንገድ ለቀቀችለት። "ፍጠንልኝ፤ ባባን ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዞታል።"

እንድሪስ ሲሊንደሩን ወደ ላይ አወጣ። ዶክተር ሙንዘር የሻምበሉን ደረት እያዳመጡ ሳለ ደረጃውን ወርዶ ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሄደ። የተናኘ በር ገርበብ ብሏል።

"ተናኘ።"

"አትግባ" አለች። ድምፁ የሷ አይመስልም።

"ልቀጣ ነው የመጣሁት፤ ይቅርታ ልጠይቅሽ።"

"እንድሪስ... ጾሙ... ዘንድሮ ከበደኝ።"

ገፍቶ ገባ። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ መተኛት ትንፋሿን ይዘጋባታልና። ከንፈሯ ጠቁሯል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻዋ ይነሣል፤ ደረቷ ግን የሚበቃውን አያገኝም። እንድሪስ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ትከሻ ስንት ቤት ውስጥ አይቷል። "ዶክተር!" ብሎ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ደነገጠ።

ዶክተር ሙንዘር መጥተው ተንበረከኩ። የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰኩ፤ ቁጥሩን ሲያዩ ወዲያው በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"ሽታ ካጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው ልጄ?"

ተናኘ መለሰችና ዶክተሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መዳም ሪማ በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። "ጾም ነው ያለችኝ! ወላሂ ጾም ነው ያለችኝ!"

ከዚያ ስልክ ተደወለ። ዶክተሩ አንዱ ሆስፒታል ደወሉ፤ አልጋ የለም። ሌላው ጋ ደወሉ፤ ተራ ጠብቁ። አምቡላንስ ጠሩ፤ ይመጣል፣ ግን መቼ እንደሚመጣ የሚናገር የለም። "የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ አልታደሰም" አለች መዳም ሪማ እያለቀሰች፤ "ወረቀቷን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?"

እንድሪስ ግን እዚያ አልነበረም። ሮጦ ወጥቶ ሁለተኛውን ሲሊንደር ከመኪናው አውርዶ፣ ታቅፎት በሩ ላይ ደርሷል። ዶክተሩ ከፊቱ ቆሙ።

"አስቀምጠው፣ ኢድሪስ።"

"ትሞታለች፣ ዶክተር!"

"አስቀምጠው። ያ የሃምሳ አለቃው ሚስት፣ የኡም ሃይሰም ነው። የባሏ ጠዋት አልቋል። ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ፤ ይሄኔ በር ላይ ቆማለች።"

"እናንተ ለወታደርና ለቤተሰቡ ነው የምትሠሩት። እሷስ? እሳቸውን የምታነሣው፣ የምታጥበው፣ የምታበላው እሷ አይደለችም? እሷ የዚህ ቤት ቤተሰብ አይደለችም?"

ዶክተር ሙንዘር መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሲያዩዋቸው በጣም ያረጁ ናቸው።

"ናት እንጂ። ናት፣ ልጄ። ግን ቤተሰብ ናት ስላልኩ አንዱ ሲሊንደር ሁለት አይሆንም።"

እንድሪስ ሲሊንደሩን ታቅፎ እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሊቆጣ ፈለገ፤ የሚቆጣው ሰው አጣ። ዶክተሩ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለው! ሊለምን ፈለገ፤ የሚለመነውም ሰው የለም። በዚያች ሰዓት ከጉልበቱ በቀር ምንም የለውም፤ ጉልበቱም ለምንም አይሆንም።

ከላይ በኩል አንድ ነገር ወለል ላይ ተንኳኳ። ሻምበሉ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ነው። ሁሉን ሰምተዋል። ዶክተሩ ወደ ላይ ሲወጡ ሽማግሌው ማስኩን ከፊታቸው አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

"አምጧት ወደዚህ" አሉ። "እሷ ትተንፍስበት። ሲያቅተኝ እቀበላታለሁ፤ ሲያቅታት ትቀበለኛለች።"

"ሲዲ፣ ጌታዬ፣ የርስዎ ሳንባ ይህን አይችልም" አሉ ዶክተሩ።

"አንተ ዶክተር ሳትሆን እኔ ሻምበል ነበርሁ፣ ሙንዘር። ትእዛዝ ነው።"

እንድሪስ ተናኘን ታቅፎ ደረጃውን ወጣ። ስንት ሲሊንደር ያወጣበት ደረጃ ነው። ተናኘ ከሲሊንደሩ ትቀላለች። ከሽማግሌው አልጋ ጎን ባለው ረጅም ሶፋ ላይ አስቀመጣት፣ ትራስ ደገፈላት። መዳም ሪማ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ አለበሰቻትና ፊቷን አዙራ ወጣች። ዶክተሩ ማስኩን አፏ ላይ አደረጉላት።

ጥቂት ቆይቶ የከንፈሯ ጥቁረት ትንሽ ለቀቅ አለ። ዓይኗን ገለጠች። እንድሪስ ከሶፋው ሥር በርከክ ብሎ እጇን ይዟል፤ እጇ በጓንቱ ውስጥ እንኳ ይሞቀዋል።

"ጾሙ አይደለም ለካ" አለች።

"አይደለም።"

"ጾሜን ጠልተህ መስሎኝ ነበር።"

"እኔ ጾምሽን አይደለም፤ ፊትሽን ነው ያየሁት። ፈራሁ። ወንድ ልጅ ፈራሁ ማለት ያሳፍረዋል መሰለኝ... እንደ ፈለግሽ አልኩሽ። አፌን በቆረጠው። ያን የሳቅሽብኝ ቀን በር ላይ ማስኬን አውልቄ ውኃሽን ጠጣሁ። ከየቤቱ ስዞር እኔ ይሆን ያመጣሁብሽ?"

"ዝም በል" አለች። "እንዲህ አትበል። ከዚያ ቀን ሌላ በዚህ አገር ያየሁት ደስታ የለም።"

ዓይኗ በእንባ ተሞላ። ማስኩ ውስጥ ትንፋሿ ጉም ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ይሠራል። እንድሪስ ጉሙን ብቻ ያያል፤ ጠፍቶ በዘገየ ቁጥር እሱም አብሮ መተንፈሱን ያቆማል።

"ድምፅ ቀድቼልህ ነበር" አለች። "አልላክሁትም።"

"ምን የሚል?"

"ና የሚል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለውም። ና ብቻ።"

እንድሪስ ግንባሩን እጇ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ስንት ሌሊት ያቺን አንዲት ቃል ሲጠብቅ ከረመ፤ እሷም ስንት ሌሊት ያቺኑ ቃል ስታጠፋ ከረመች። በዚያን ጊዜ ብትልክለት ይመጣ ነበር፤ ቢመጣ ያያት ነበር፤ ቢያያት... እንዲህ እያሉ መቁጠር ማለቂያ የለውም፤ አሁን ደግሞ ምንም አይለውጥም።

"ያላ፣ ኢድሪስ" አሉ ዶክተሩ ከበሩ፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው። "ሰውየው ያለ ምንም ነው እየተነፈሰ ያለው። እኔ ብቻዬን አላነሣውም።"

ተናኘ ሰማች። "የት ነው?"

"ዳቡቅ።"

"አቅፈህ ስታወጣኝ በሩ ጋ ሲሊንደር አየሁ። የኔ መስሎኝ ነበር።"

ሊዋሻት አፉን ከፈተ። ዓይኗን አይቶ መዋሸት አቃተው።

"ያንቺ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"የአንድ ሽማግሌ። ሚስቱ ትጠብቃለች።"

እንድሪስ አትሂድ እንድትለው ተመኘ። አትሂድ ብትለው ዶክተሩንም፣ ቃል ኪዳናቸውንም፣ ዳቡቅንም ትቶ እዚያው እንደሚቀር ያውቃል። እንደሚቀር ስላወቀም እንዳትለው ፈራ።

"ማታ ትመለሳለህ?"

"ሰዓት እላፊ ነው። ከዶክተሩ መኪና ውጭ መንቀሳቀስ አልችልም፤ እሳቸው ደግሞ ገና ሌላ ቤት አለባቸው። ነገ ጠዋት፣ መንገዱ እንደ ተከፈተ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።"

"ነገ ጠዋት" አለች፤ ቃሉን እንደ ሩቅ አገር ስም ቀስ ብላ ጠራችው። ከዚያ ሻምበሉን ዞራ አየች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻቸው መነሣት ጀምሯል፤ ግን ማስኩን ስጪኝ አላሏትም። ተናኘ በገዛ እጇ ከፊቷ አወለቀችው።

"የባባ ተራ ነው" አለች። "ሂድ እንግዲህ። ሴትዮዋን በር ላይ አታቁማት።"

ሄደ። ደረጃውን እንዴት እንደ ወረደ አያውቅም። ከበሩ ላይ ያን ሲሊንደር ሲያነሣ ግን፣ ስንቱን ያለ ጭንቅ የተሸከመ ወጣት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደው። መኪናው ውስጥ እንዳይንከባለል በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ውስጡ ያለው የሷ ነገ ጠዋት ነበር፤ እሱ ደግሞ ታቅፎ ለሌላ ሰው እየወሰደው ነው። ዶክተር ሙንዘር ከመሪው ዓይናቸውን ሳያነሡ በአንድ እጃቸው ትከሻውን ያዙት። አጽናኑኝ አላለም፤ እሳቸውም አላጽናኑትም። ባዶውን መንገድ ይዘው ሄዱ።

ዳቡቅ ከቪላው አጥር ሥር ባለችው የዘበኛ ቤት ደጃፍ ላይ ኡም ሃይሰም ቆማለች። መኪናውን ስታይ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እንድሪስ ሲሊንደሩን አስገባ፣ ቧንቧውን አገናኘ፣ ቁልፉን ከፈተ። ከሽማግሌው ማስክ ውስጥ የአየሩ ፉጨት ሲሰማ ሴትዮዋ ወደ ግድግዳው ዞራ በሻርፗ አለቀሰች። ከዚያ ተከትላው እስከ ደጅ ወጣች። የምትሰጠው ነገር ፈለገች፣ አጣች፤ ባዶ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"አንተ ልጅ፣ ሚስት አለህ?"

እንድሪስ እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ቃል ለተናኘም፣ ለራሱም ተናግሮት አያውቅም።

"አለኝ" አላት።

"አላህ ያቆይልህ።"

አሚን ሊል አፉን ከፈተ። ከውስጡ የወጣው ልቅሶ ብቻ ነበር።